ስድስት ሳጥን ሴይስሞሜትር በነጻ ለመስጠት አስራ አንድ ወር

ነገሩ የጀመረው መስከረም 2017 ላይ በመጣች ሁለት መስመር ደብዳቤ ነው፣ «ስቶሩ እስከ ህዳር 30 ይለቀቅ» ትላለች። እኔ አዳማ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ቴክኒሺያን ነበርኩ፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ ቆይቷል ሰዉም ተበትኗል፣ የቀረነው እኔና ንብረት ክፍል ያለችው እህታችን ነን፣ እሷም ግማሽ ቀን ነው የምትገባው። ወንበሩ፣ ሼልፉ፣ ያረጀው ኮምፒውተር ምናምኑ በጨረታ ሄደ። ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ስድስት ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥኖች ቀሩ። አንዱ ተጫራች ከፍቶ አየና «ይሄ የምን ፓምፕ ነው?» ብሎ መልሶ ዘጋው።

ፓምፕ አይደለም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ነው። አራቱ ሳጥን ውስጥ አንዳንድ ኤል-4ሲ የሚባል ሴንሰር አለ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የምታክል ሁለት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሲሊንደር። ውስጡ 1 ኪሎ ክብደት በስፕሪንግ ተንጠልጥሏል፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ክብደቱ ባለበት መቆም ይፈልጋል፣ በዚህ መሃል ማግኔቱና የሽቦው ጥቅል አንዱ ካንዱ አንጻር ስለሚንቀሳቀሱ ቮልቴጅ ይወጣል። በቃ ይሄው ነው፣ ባትሪ እንኳን አይፈልግም። ግን የሚያወጣው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ መሬቱ በሰከንድ አንድ ሺኛ ሚሊሜትር ብትሄድ ሩብ ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣችኋል፣ ይሄ ደሞ በደህና ዲጂታይዘር፣ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር ቀይሮ በሚቀዳው ማሽን ማለት ነው፣ በደንብ የሚነበብ ነው። አምስተኛው ሳጥን ውስጥ ሶስቱንም አቅጣጫ ባንዴ የሚለካ ብሮድባንድ፣ ማለትም ፈጣኑንም ዝግተኛውንም ንቅናቄ የሚይዝ ሴንሰር፣ ስድስተኛው ውስጥ ሁለት ዲጂታይዘርና የጂፒኤስ አንቴናዎች። አዲስ ቢገዛ በዶላር ነው፣ ዶላሩም ቢገኝ ነው።

መጀመሪያ ሀሳቤ «ደብዳቤ እንጽፋለን፣ የሚፈልግ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይወስዳል» የሚል ነበር። በሁለት ሳምንት ያልቃል ብዬ ነበር እኮ። ለሰባት ቦታ ደብዳቤ በማህተም ላክን፣ ሁለት መለሱ። አንደኛው ስልክ ደውሎ «ከሱ ጋር ስንት ላፕቶፕ አለው?» አለኝ፣ የለውም ስለው ደብዳቤው ሲደርሰን እናያለን ብሎ ዘጋ፣ ደብዳቤው እኮ ደርሶት ነው የደወለው። ሁለተኛው ትልቅ ተቋም ነው፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ «በሙሉ ለመረከብ ዝግጁ ነን» የሚል ቆንጆ ደብዳቤ በሄደር ጻፈ። ደስ አለኝ። ሄጄ ቦታውን ልይ ብዬ ሄድኩ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው በጣም ጥሩ ሰው ነው ሻይ ጋበዘኝ፣ ከዛ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ አሳየኝ። መደርደሪያው ላይ ከኛ በፊት ሌላ ሰው የሰጠው የላብራቶሪ እቃ አለ፣ ፕላስተሩ እንኳን አልተቀደደም፣ በአቧራው ላይ ጣት ብትሄድ መስመር ትሰራለች። «ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው?» ስለው «ኮሚቴ ይቋቋማል» አለኝ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ይሄን ስጽፍ ያ ሰው ላይ መፍረድ ፈልጌ አይደለም፣ እሱ የተቀጠረው እቃ እንዳይጠፋ እንጂ እቃ እንዲሰራ አይደለም። ሞዴል 19 ቆርጦ ይረከባል፣ ሞዴል 22 ካልመጣለት አያወጣም። በሱ በኩል ያልተከፈተ ሳጥን ማለት ደህና የተጠበቀ ሳጥን ነው። ችግሩ እኔ እስከዛ ቀን ድረስ የምፈልገው ማህተም እንጂ ሰው እንዳልነበረ አላወቅኩም።

ከዛ ጉምሩክ መጣ። እቃው ለፕሮጀክቱ ከቀረጥ ነጻ የገባ ስለሆነ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይከፈላል፣ ማን ይከፍላል? ፕሮጀክቱ የለም። ለማንኛውም መጀመሪያ ዲክላራሲዮኑ፣ እቃው ሲገባ የተሞላው የጉምሩክ ወረቀት፣ ይምጣ ተባለ። ዲክላራሲዮኑ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አገር ለቋል። ከእህታችን ጋር ሶስት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ለካርቶን ስንፈልግ በመጨረሻ የነዳጅ ደረሰኝ መሃል ተጣጥፎ አገኘነው። እሷ እልል አለች፣ እውነቴን ነው እልል አለች፣ ከታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሰርግ መስሎት ወጣ። በዚህ ጉዳይ በጣም የተጎዳው አንድ ልጅ ነው። አዳማ ውስጥ በራሱ ገንዘብ አነስተኛ መለኪያ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ፣ ራስፕቤሪ ሼክ የሚባለውን፣ በ4.5 ኸርዝ ጂኦፎን የሚሰራ። ከአመልካቾቹ ሁሉ ነገሩ የገባው እሱ ነበር፣ ግን ግለሰብ ስለሆነ ልሰጠው አልችልም። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ህዳር 30 ደረሰ። ሳጥኖቹን በቃለ ጉባኤ ፈርሜ በባጃጅ በሁለት ዙር እናቴ ቤት ሰርቪስ ውስጥ አስገባኋቸው። እዛ ነው ኬብሎቹን የቆጠርኩት። አራት ሴንሰር፣ ሁለት ኬብል። ሌሎቹ ከስቶሩ መቼ እንደወጡ አይታወቅም፣ ግን የት እንደሄዱ ይታወቃል፣ ቆራሌው ጋ። ውስጡ መዳብ ነዋ። አንድ ኪሎ የማይሞላ መዳብ ሲሸጥ ያቺ ጫፏ ላይ ያለችው ክብ ባለ ብዙ ፒን ሶኬት አብራ ሄደች፣ እሷን ደሞ አዳማ ቀርቶ መርካቶ ብትገለብጡ አታገኟትም። ገበያ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጄ ሶኬቱን ትቶ ፒኖቹ ላይ ሽቦ በቀጥታ ሶልደር አደረገልኝ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈነው። አያምርም ግን ይሰራል።

የሰጪ ስራ ማለት ሙከራው ነው ባይ ነኝ አሁን። ኤል-4ሲን ለመሞከር ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። በቴስተር የሽቦውን ጥቅል ትለካላችሁ፣ 5,500 ኦም አካባቢ መምጣት አለበት። ሶስቱ መጡ፣ አራተኛው ምንም፣ ውስጡ ተበጥሷል። ከዛ የድሮውን ባለ መርፌ ቴስተር አገናኝታችሁ ሴንሰሩን ትንሽ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ መርፌው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አንዴ ይደግምና ይቆማል፣ ዙሩ አንድ ሰከንድ ነው፣ የተሰራበት 1 ኸርዝ እሱ ነው። አሁን ደሞ 8.9 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርጉበት፣ ድጋሚው ይጠፋል፣ አንዴ ሄዶ ቀጥ ይላል። ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ ብታገናኟቸው ደሞ ክብደቱ ማር ውስጥ የገባ ይመስል ይከብዳል። ለዚህ ነው በመኪና ሲጓዝ ሁለቱ ፒኖች በሽቦ ታስረው መሄድ ያለባቸው፣ አለበለዚያ እዚህ አገር ኮረኮንች ላይ ክብደቱ ከላይ ከታች ሲጋጭ ነው የሚውለው። የተበጠሰው አራተኛው ሳይታሰር ነው የተቀመጠው፣ በሱ ይሁን በሌላ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ዲጂታይዘሮቹ ጋ ስደርስ ሌላ ጉድ። አንዱ ጭራሽ አይነሳም። ሌላው እሁድ ታህሳስ 20 ቀን 2017 ተነሳ፣ ሳተላይት አገኘ፣ ሰዓቱን አስተካከለና ቀኑን ሜይ 15 ቀን 2005 አለኝ። በኛ ስቆጥረው ግንቦት 7 ቀን 1997። ምርጫው! እናቴን ጠርቼ «ማሽኑ ድምጽ ሊሰጥ ተሰልፏል» አልኳት። ቀልዱን ትተን ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው ከ0 እስከ 1023 ድረስ ብቻ ነው፣ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ አንዴ ኦገስት 1999 ላይ አንዴ ደሞ ኤፕሪል 2019 ላይ ተመልሷል፣ አሮጌ ሪሲቨር ዙሩን ስለማያውቅ 1024 ሳምንት ወደ ኋላ ያነባል። የሳምንቱ ቀን እሁድ ሆኖ የተገጣጠመውም ለዚህ ነው፣ ልዩነቱ ድፍን ሳምንት ስለሆነ። ዋናው ነገር ሰከንዱ ልክ ነው። ፋይሉ ላይ 7168 ቀን የሚደምር አጭር ስክሪፕት ያ ራስፕቤሪ ሼክ ያለው ልጅ በአንድ ማታ ጻፈልኝ። ይሄን የማያውቅ ሰው ግን «ተበላሽቷል» ብሎ እንደሚጥለው አልጠራጠርም፣ እኔም እጄን አንስቼ ነበር።

ሶስቱን ደህና ሴንሰሮች ሰርቪሱ ሲሚንቶ ላይ አጠገብ ላጠገብ ደረደርኩና በአንድ ዲጂታይዘር እንዲቀዱ ለቀቅኳቸው። አንድ ቦታ ላይ ስላሉ አንድ አይነት መስመር መሳል አለባቸው፣ ያልመሰለው ችግር አለበት ማለት ነው። እናቴ ለልብስ ማጠቢያ ስትገባ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊመጣ ሲል ይናገራል?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ ከመጣ በኋላ ነው የሚናገረው።» «ከመጣ በኋላማ አልጋዬም ይነግረኛል» ብላ ሳፋዋን ይዛ ወጣች።

ያኔ ሁኔታው እንዴት እንደነበር አዳማ ያለ ሰው ያስታውሰዋል። ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ማታ ማታ እንቅልፍ የለውም። አርብ ታህሳስ 25 ዶፈን የሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ እንፋሎትና አቧራ ወጣ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ለሊት 10 ሰዓት ሊሆን ሲል 5.7 ገደማ የሚሆነው መታ። አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተነሳ። እኛ ግቢ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ውጭ ቆማለች፣ እኔ ግን፣ አፍራለሁ ስናገር፣ ወደ ሰርቪሱ ነው የሮጥኩት።

ሲነጋ ፋይሉን ከፈትነው። መጀመሪያ ፒ ሞገድ ትገባለች፣ አጭር ሹል ነገር፣ ከ13 ሰከንድ ገደማ በኋላ ዘገምተኛዋ ኤስ ሞገድ ትመጣና ስክሪኑን ትሞላዋለች። በሁለቱ መሃል ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙት ርቀቱን በኪሎሜትር በግምት ይሰጣል፣ 104፣ ከአዳማ እስከዛ ድረስም መቶ ምናምን ነው። የኤስ ጫፍ ግን ተቆርጧል፣ ማጉያውን 32 ላይ አድርጌው ስለነበር ከአቅሙ በላይ ሆነበት፣ የኔ ጥፋት ነው። ከዛ በኋላ የተከተሉት ትንንሾቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ተቀድተዋል። አንድ ነገር ደሞ አየን፣ ሁለቱ ሴንሰር ላይ ፒ ወደ ላይ ስትጀምር ሶስተኛው ላይ ወደ ታች ነው የጀመረችው። ሬዲዮ ጠጋኙ ወዳጄ ሁለቱን ሽቦ ገልብጦ በይዶታል። ፕላስና ማይነሱን ቀየርነው፣ አለቀ። በሰላሙ ጊዜ ብንሰጠው ኖሮ የተቀበለው ሰው ለአመታት መሬት ስትነሳ ወረደች እያለ ሊጽፍ ነበር።

እና ጥር ላይ ስልኬ አላርፍ አለ። መስከረም ላይ ደብዳቤ ያልመለሱት ሁሉ ደወሉ፣ ያልጻፍንላቸውም ደወሉ፣ አንዱማ «ለክፍለ ከተማችን አንድ ብትሰጡን ሰው እንዲረጋጋ ቢሮው በር ላይ እናቆመዋለን» አለኝ። የነጻ ነገር ወረፋ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማመልከቻ ምናምን ትቼ ለሁሉም ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ የት ትቀብሩታላችሁ? ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው እረፍት ሲወጣ ባትሪውን ማን ይቀይራል? የመጀመሪያውን ብዙዎቹ በጽሁፍ መለሱ። ሁለተኛውን የሰው ስም ጠርተው የመለሱ ሶስት ናቸው።

አንዱ አዳማ ያለ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ የፊዚክስ መምህሩ ራሱ መጥቶ ሳጥኑን አቀፈው። ያ ግለሰብ ስለሆነ የከለከልነው ልጅ በትምህርት ቤቱ ክለብ በኩል አብሮት እንዲሰራ ተስማሙ፣ ወረቀቱ ትምህርት ቤቱን ይላል፣ እጁ የልጁ ነው፣ ማንም አልተበደለም። ሁለተኛው ሀዋሳ ያለ መምህር ነው። ሀዋሳ ላይ ጥር 2008 መሬት ሲንቀጠቀጥ በድንጋጤ ሲሯሯጡ ብዙ ተማሪዎች ተጎድተው ነበር፣ እሱ ያኔ ተማሪ ነበር፣ ለምን እንደፈለገው ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኩትም። ሶስተኛው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ ብሮድባንዱን ለነሱ ሰጠን፣ ምክንያቱም እሱ ቤት እቃ አይደለም፣ ደረጃው በልክ ተስተካክሎ መቀመጥ አለበት፣ የሙቀት ለውጥ አይወድም። የኛው ደሞ ጉድለት አለበት፣ ከሶስቱ አቅጣጫ የአንዱ ክብደት መሃሉ ላይ አይቆምም፣ ይሄንንም በርክክቡ ወረቀት ላይ በግልጽ ጻፍነው። ንብረት ክፍል ያለችው እህታችን «ጎደሎ እቃ ብለን ሰጠን ይባላል» ብላ ተከራከረችኝ። እኔ ደሞ ሳይነገረው የሚረከብ ሰው ሁለት ወር ካባከነ በኋላ ስማችንን ነው የሚያነሳው አልኳት።

የዋጋው ነገርም ነበር፣ ሞዴል 22 ላይ የዋጋው ቦታ ባዶ መሆን አይችልም። በመጨረሻ አርጅቶ ያለቀ ንብረት በመዝገብ የሚያዝበትን ጻፍን፣ አንዳንድ ብር። የፊዚክስ መምህሩ ኪሱ ገብቶ አንድ ብር ሳንቲም አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ፣ እስካሁን አለች።

የትምህርት ቤቱን የቀበርነው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። አዳማ ለዚህ ስራ አስቸጋሪ ከተማ ነች፣ ጂቡቲ የሚወርደው መኪና ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል፣ ባቡሩ አለ፣ ከበላይዋ 136 የነፋስ ተርባይን ይሽከረከራል፣ የነሱ ማማ ሲወዛወዝ ንዝረቱ በመሬት ይሄዳል። በሌላ በኩል ደሞ ስምጥ ሸለቆ ሆዱ ላይ ያለች ከተማ ነች፣ ጃንዋሪ 2003 ላይ የውጭና የሀገር ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ሺህ ገደማ መለኪያ በዚህ አካባቢ በኩል ዘርግተው ቀድተዋል፣ ስራው ሲያልቅ ሰብስበው ሄዱ። እኛ አንድ ነው ያለን። ግቢው ጥግ ላይ አንድ ሜትር ቆፈርን፣ ታች ሲሚንቶ አፈሰስን፣ የተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል አስገባን፣ ሴንሰሩን ካስቀመጥን በኋላ ስፖንጅ ሞልተን ከላይ አፈር መለስን። የሰራው ዲጂታይዘር ለትምህርት ቤቱ ሆነ፣ የሀዋሳው በ24 ቢት ቦርድና ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው የሚቀዳው፣ ልጁ ነው የገጠመለት።

የመጀመሪያው ሳምንት ዳታ ላይ 24 ኸርዝ አካባቢ ቀጥ ያለ መስመር አለ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆማል፣ 8 ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ እሁድ የለም። ተማሪዎቹ ሁለት ቀን ተከራከሩበት፣ አንዷ ልጅ ናት ያገኘችው፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት። ባለወፍጮው ለምሳ ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ልጆቹ ከዛ በኋላ ስራ ፈት ሲሆኑ «ዛሬ ጤፍ ብዙ ነው» እያሉ ነው ግራፍ የሚያነቡት። አርብ የካቲት 7 ለሊት 5 ሰዓት ተኩል ላይ 6.0 የሆነው ሲመጣ ማጉያው ወደ 1 ወርዶ ነበር፣ ጫፉ አልተቆረጠም።

ሐምሌ ላይ የፈራሁት ደረሰ፣ መረጃው ድንገት ቆመ። መምህሩ ክረምት ኮርስ ላይ ነው፣ እኔ ሄድኩ። ጥበቃው አባባ መብራት ሲጠፋባቸው ባትሪውን ፈትተው ወደ ቤታቸው አምፖል አዙረውታል። ምን ልላቸው ነው፣ እሳቸውም ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ማታ ማታ የሚጠብቁት ደሞ እኛኑ ነው። አንድ ያገለገለ ባትሪ ገዝቼ ለሳቸው ብቻ ሰጠኋቸው፣ የኛውን መለሱ፣ ሳያስቡት ደሞ ስራው ገባቸው። ደብተር ይዘው መሬት ነቀነቀች ብለው የተሰማቸውን ሰዓት መጻፍ ጀመሩ። ነሐሴ ላይ የመጨረሻውን ወረቀት ላስፈርም ስሄድ ሶስት ጽፈው አገኘሁ። ፋይሉን ከፍተን አየነው፣ የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ፒና ኤስ 12 ሰከንድ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው አሸዋ የጫነ ሲኖ ነው። ሶስተኛው ላይ ምንም የለም፣ መስመሩ ዝም ብሏል። ወደ ኋላም ወደ ፊትም አስር አስር ደቂቃ ገልጬ አሳየኋቸው። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን አዩትና «እንግዲህ ማሽኑ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፣ እኔ ነቅቼ ነበር» አሉኝ።